ዓይኑ የጠፋው ፈረስ

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ሮቤ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ከየቀበሌው የሚመጣውን የስንዴና የገብስ ምርት አኃዝ አያለሁ፤ የማይመስለውን ነቅሼ አወጣለሁ። ውርጭ የመታው ማሳ ካልተመታው በልጦ ሲገኝ፣ ወይም ከሲናና ሁለት ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲልኩ፣ ደውሎ መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነው። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት የምለውን በልቤ እለማመዳለሁ። ብዙ ጊዜ ጥርጣሬዬ ልክ ሆኖ ይገኛል። ይህም ሳያበላሸኝ አልቀረም።

ከሥራ ስመለስ ደግሞ ፐዝል እገጣጥማለሁ። ለማያውቀው፣ ፐዝል ማለት በካርቶን ላይ የታተመ ሥዕል ተቆራርጦ የተበተነ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ወጣ ያለ ጆሮና ገባ ያለ ጎድጓዳ አለው፤ ከእውነተኛ ጎረቤቱ በቀር ከማንም ጋር በደንብ አይገጥምም። የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከቤቷ አንድ ይዛ መጣች፤ መጀመሪያ ሁሉም አልጋ ላይ ተሰብስቦ ተሻማበት፣ ብዙም ሳይቆይ ሰለቻቸውና ብቻዬን ቀረሁ። ደስ አለኝ። ሰው ሳያናግረኝ፣ እኔም ማንንም ሳላናግር፣ እጄ ሥራ እንዳለው ሆኜ የምቀመጥበት ነገር አገኘሁ።

እኛ ከተማ ፐዝል እንደ ልብ አይገኝም። ይሄኛውን ያገኘሁት ጎባ ገበያ፣ የቦንዳ ልብስ ከሚዘረጉት ሴቶች አንዷ ዘንድ ነው። አፉ በገመድ የታሰረ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ ሳጥኑ የለም፣ ሳጥኑ ላይ የሚኖረው ሥዕልም የለም። ሴትየዋ ከብርድ ልብስ ጋር ተጠቅልሎ እንደመጣ ነገረችኝ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አታውቅም።

«ሙሉ ነው?» አልኳት።

«እኔ ቆጥሬ አልተረከብኩም፤ አንቺም ቆጥረሽ አትረከቢ» አለችና ሳቀች።

ወደ ሮቤ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳስብ የመጣሁት አንድ ነገር ነበር። ምንም ያልጎደለውን ፐዝል ማን ይጥለዋል? አንድ ቁራጭ ቢጎድለው አይደል ከቤት የወጣው?

የእኔ ክፍል ብርዱ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ የምሠራው ሳሎን ውስጥ፣ የከሰል ምድጃው አጠገብ ነው። የበር ስፋት ያለው ኮምፔርሳቶ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ቁራጮቹን በቀለም በቀለም ለየሁ። አብዛኛው ነጭና ግራጫ ነበር። የሥዕሉን መልክ ሳያውቁ መገጣጠም ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሁሉንም ቁራጭ ትጠረጥረዋለህ። ሰማይ የመሰለህ ግድግዳ ይሆናል፤ ግድግዳ ያልከው ውሃ ነው። እኔ ይህ ደስ ይለኛል። እናቴን ግን አላስደሰታትም። ጡረታ የወጣች የጤና ጣቢያ ጸሐፊ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙውን ጊዜ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ታየኛለች።

«ምን እንደሚሆን የማታውቂውን ነገር ቤቴ ውስጥ ትሠሪያለሽ» አለችኝ አንድ ቀን። «መጨረሻው ሰይጣን ሆኖ ቢወጣስ?»

ሰይጣን ሳይሆን ፈረስ ወጣ። መጀመሪያ የእንጨት አጥር፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ጋማ። ነጭ ፈረስ ነው፣ በነጭ ሜዳ ላይ። እኔ በረዶ ነው ስል እናቴ ጭጋግ ነው፣ የሳነቴ ተራራ በጠዋት እንዲህ ነው ብላ ተከራከረችኝ። የፈረሱ ዓይን ያለበትን ቁራጭ ያገኘሁ ዕለት እሷም ተነሥታ መጥታ አየችው። ጥቁር፣ ትልቅ፣ እርጥብ የመሰለ ዓይን ነው፤ አንድ ቁራጭ ላይ ሙሉውን ተቀምጧል። ስገጥመው ሥዕሉ በሙሉ ነፍስ የዘራ መሰለ።

«አሁንስ ሰው ያያል» አለች እናቴ፤ ነጠላዋንም ሰብሰብ አደረገች።

ስለ ጎረቤታችን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ከእኛ ጋር በቆርቆሮ አጥር የሚዋሰኑ፣ ቅቤና ቅመም ነግደው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሙስሊም እናት ናቸው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ሀርሜ» ነው የምላቸው፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት። አባቴና የእሳቸው ባለቤት በሕይወት ሳሉ አጥሩን ቆርጠው ትንሽ በር ሠርተው ነበር። ሁለቱም ወንዶች ካለፉ በኋላ በሯ የሴቶቹ ሆነች። እናቴ ከሰዓት በኋላ በዚያች በር አጎንብሳ ትሄዳለች፤ ሲመሽ አጎንብሳ ትመለሳለች። ሌላ የምትሄድበት ቤት የላትም። በዋናው መንገድ ዞሮ መሄድ ለጉልበቷ ሩቅ ነው፣ ድንጋዩም ክፉ ነው።

በዚያች በር ሳህንም ይመላለሳል። በእኛ ሰፈር ሳህን ባዶ አይመለስም። በኢድ ሀርሜ ሙሸበክና ብስኩት ይልካሉ፤ በፋሲካ እኛ ድፎ ዳቦ እንልካለን፤ ሥጋ የነካው ነገር በየቤቱ ይቀራል፣ የቀረው ሁሉ ያልፋል። የመጣው ሳህን ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥና የሚሞላው ነገር ይጠብቃል። አንዳንዴ ሳምንታት ይጠብቃል። ግን ባዶውን አይሄድም፤ ባዶ ሳህን የሚመልስ ሰው ነገር አለው ይባላል።

በዓረፋ ማግስት እናቴ አንዱን ሳህናችንን በጩኮ ሞላችው። ጩኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ አሠራሩን ያስተማሯትም ሀርሜ ራሳቸው ናቸው። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ሳህኑን ለመውሰድ የመጣችው የሀርሜ ምራት ነች። ከጊኒር ተድራ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ባሏ አንገቱ ከምትባል ከተማ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ሆኖ ብዙ ጊዜ እቤት የማያድር፣ እንደ እኔ ቁጥብ የሆነች ልጅ። አንድ ዕድሜ ላይ ነን፤ ስንገናኝ ሁለታችንም አንገታችንን እንደፋለን።

ቤት ስገባ ፈረሱ ዓይን የለውም።

ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ዓይኑ በነበረበት ቦታ የኮምፔርሳቶው ቡናማ እንጨት ይታያል። ጠረጴዛው ሥር አየሁ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ፣ ሶፋውን ጎተትኩ፣ የተጠረገውን ቆሻሻ በስንጥር በተንኩ። እናቴ ምንም እንዳልነካች ማለች። ማን መጣ ብዬ ጠየቅኳት። ከምራቲቱ በቀር ማንም። ምን አደረገች? ቆማ ፈረሱን አየች፤ «የሚያምር ነው» አለች፤ ሳህኑን ይዛ ሄደች።

«ነካችው?»

«እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ የሳህኑን መሸፈኛ ሻሽ ሳመጣ። ደግሞ ምን ልታደርገው ትወስደዋለች?»

ግን ከቢሮ የለመድኩት ነገር አለ፤ ቁጥሩ የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ትጠይቃለህ። ከሁሉ ቁራጭ ዓይኑ ብቻ መጥፋቱ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ብዬ አመንኩ። የወደቀ ቢሆን አንዱ ነጭ ይወድቅ ነበር። ይሄ የተመረጠ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷን እከታተላት ጀመር። ልብስ ስታሰጣ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየኋት፤ አየችኝና ፊቷን መለሰች። ውሃ ስትቀዳ ሰላም አልኳት፤ መለሰችልኝ፣ ግን እጇ ሻርፗን ወደ ሆዷ ሳበው። የደበቀችው ነገር አለ አልኩ በልቤ።

ከዚያ በሯ ተዘጋች። እናቴ እንደ ልማዷ ከሰዓት በኋላ ልትገባ ስትገፋት አልከፈት አለች። ከወዲያ በኩል በሽቦ ታስራ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ከብቶች ገብተው ይሆናል አለች። ሁለት ጊዜ ጠራች፤ መልስ የለም፤ ድምፅ ግን ይሰማል፣ ሰው እቤት አለ። ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ጥርጣሬዬ ሥር ሰደደ፤ የሰረቀ ሰው ነው በር የሚዘጋ።

በማግስቱ እናቴ ከዘራዋን ይዛ በዋናው መንገድ ዞራ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። ሀርሜ ግቢው በር ላይ ቆመው ነው ያናገሯት። «አከም፣ ነጋ?» ተባብለው ሰላምታ ተለዋውጠዋል፤ ደህና ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ። ግቢ አላሏትም። ያን ሁሉ ዘመን የኖሩ ሴቶች እንደ መንገደኛ ቆመው ተለያዩ።

ማታ እራት ስናቀርብ እናቴ ዞራ እኔን ያዘችኝ። «ለዚያች ልጅ ምን አልሻት?»

ምንም እንዳላልኳት ነገርኳት።

«አፍሽ ምንም አይልም፤ ዓይንሽን ነው የምጠይቅሽ። ሌባ እንደምታይ ነው የምታያት፤ አይቼሻለሁ። በካርቶን ቁራጭ ሰው አሳጣሽኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተነሣም፤ ለዚህ ነው የከበደኝ። ኮምፔርሳቶውን አንሥቼ ወደ ብርዱ ክፍሌ አስገባሁት። ለቀናት አልነካሁትም። እናቴ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የተዘጋችውን በር በመስኮት ታያለች፤ ቴሌቪዥኑ ለራሱ ያወራል። ጩኮ የሄደበት ሳህን አልተመለሰም፤ ባዶውንም ቢሆን። እኔም እናቴም ያንን ሳንነጋገርበት እናውቀዋለን።

ልጅቷን ያገኘኋት ወፍጮ ቤት ነው። ወረፋ ይዘን ቆመን ነበር፤ እሷ በርበሬ፣ እኔ ገብስ። ሞተሩ ስለሚጮህ ለመነጋገር መቅረብ ግድ ነበር። የምለውን በልቤ ደጋግሜ ተለማመድኩ፤ ክስ እንዳይመስል ቃሉን መረጥኩ። በመጨረሻ የወጣኝ ግን ያልተለማመድኩት ነው።

«የፈረሴ ዓይን ጠፍቶብኛል» አልኳት። «ቤታችን የመጣሽ ቀን። አይተሽው ይሆን?»

በርበሬውን ለቀቀችው። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ፤ እንግዲህ ያዝኩሽ አልኩ በልቤ።

«ዓይን ነው ያልሽው?»

«ካርቶን ነው፤ ይህችን የምታህል» ብዬ በጣቴ አሳየኋት። «ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ከነበረው ሥዕል።»

ወደ ሞተሩ፣ ወደ ሰዎቹ፣ እንደገና ወደ እኔ አየች። ከዚያ ጆሮዬ ድረስ ተጠግታ ነገረችኝ። ያን ዕለት አማቷ ጩኮውን ወደ ሌላ ዕቃ ሊገለብጡ ሳህኑን ሲያነሱ፣ ጣታቸው ከሥሩ የተለጠፈ ነገር ነካ። ገልብጠው ሲያዩ ዓይን ነው። ለእሷ አላሳዩዋትም፤ «አስተግፊሩላህ» ሲሉና ሲጮኹ ነው የሰማችው። እሷም ስለ ፈረሱ አላሰበችም፤ በቅቤ የተለጠፈ ዓይን ነው የተባለው፣ የምን ፈረስ? አማቷ ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። በሯን ያሰሩትም እሳቸው ናቸው።

«ለምን እንደሆነ…» አለችና አቆመች። እጇ እንደገና ሻርፗን ወደ ሆዷ ሳበው። ያኔ ገባኝ። ማርገዟ ገና ለሰው ያልተነገረ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ሊመጣ ነው፣ ወሬው ከቤት ሳይወጣ፤ በዚያ ሰሞን ከጎረቤት ሳህን ሥር ዓይን ይመጣል። እኔ ብሆን ምን አስብ ነበር?

ገብሱን እንኳ ሳላስፈጭ እቤት ገባሁ። ለእናቴ ነገርኳት። ሰምታ ራሷን ያዘች። «ጠረጴዛው በሙሉ በፈረስ ተይዞ!» አለች። «የት ላስቀምጠው ነበር? ሻሹን እስካመጣ እዚያ ላይ ነው ያኖርኩት።» ቅቤው ትኩስ ስለነበር ከጠርዙ ፈስሶ ከሥር ገብቷል፤ የሮቤ ብርድ ደግሞ ቅቤን ወዲያው ነው የሚያረጋው። ሳህኑ ሲነሣ ዓይኑም ተነሥቶ ሄደ። ከነጮቹ ቁራጮች ሁሉ ዓይኑ መሆኑ አጋጣሚ ነበር።

ሄጄ ልናገር አልኩ። እናቴ አይሆንም አለች፤ ቃል ብቻ ይዘን ብንሄድ ማን ያምነናል? «ፈረሱን ራሱን እንውሰደው።»

ያልተጣበቀ ፐዝል በጎዳና ተሸክሞ መሄድን ለጠላቴም አልመኘው። ኮምፔርሳቶውን በአልጋ ልብስ ሸፍነን፣ እኔ ከፊት እናቴ ከኋላ፣ በዋናው መንገድ ዞርን። ከዘራዋን ክንዷ ላይ ሰቅላ ነበር። ነፋሱ ልብሱን ሲያነሣ ልቤ ይነሣል። የባጃጅ ሾፌሮች «ማዘር፣ አልጋው ያለ እግር ነው የተገዛው?» ብለው ቀለዱብን። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ እል ነበር፤ ያን ቀን ግን እግሬን ብቻ ነበር የማየው። እናቴ በየጥቂቱ «ቆይ» ትላለች፣ እንቆማለን፣ ጉልበቷን ታሳርፋለች፣ እንቀጥላለን።

ሀርሜ በሩን ከፍተው ሁለታችን ኮምፔርሳቶውን ተሸክመን ሲያዩን ፈቀቅ ብለው አሳለፉን። ምራታቸው ከኋላቸው ቆማ ነበር። መሬት ላይ አስቀመጥነውና እናቴ ልብሱን ገለጠችው። ነጩ ፈረስ ዓይኑ በነበረበት ቀዳዳ ሰማዩን አየ።

ሀርሜ ብዙ ቆመው ተመለከቱ። ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቀዳዳውን አዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ። ይዘው የወጡት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ጨው ሞልቷል፤ ጨው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጨርቁን ፈቱት እንጂ ቁራጩን አልነኩትም።

«አንቺ አስገቢው፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ተንበርክኬ ጨውን በጣቴ ጠረግኩና ቦታው ላይ ጫንኩት። ሲገባ የሚያሰማው ትንሽ ድምፅ አለ፤ ለወትሮው እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው። ያን ቀን አራታችንም የሰማነው ይመስለኛል። ምራቲቱ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች።

ሀርሜ ግን አልሳቁም። አጎንብሰው ፈረሱን ፊት ለፊት አዩት፤ እሱም አያቸው።

የተናገረችው እናቴ ናት። «እኔን ጠረጠርሽኝ» አለቻቸው። «ያን ሁሉ ዘመን በልተሽልኝ።»

«ጠረጠርኩሽ፣ ወላሂ። ሌሊት እየተነሣሁ ጠረጠርኩሽ።»

«እና ለምን አላቃጠልሽውም? ሰው የሚያደርገው እንደዚያ ነው።»

ሀርሜ ቆርቆሮውን ክዳኑን ገጠሙት፣ ከፈቱት፣ እንደገና ገጠሙት። «ሲያቃጥሉት ወደ ላከው ሰው ይመለሳል ይላሉ» አሉ። «አንቺ ጉልበትሽ እንኳ አልተሻለሽም።»

እናቴ ወደ ከዘራዋ ዞረች፤ ምራቲቱ ቀድማ አንሥታ ሰጠቻት። እኔ ፈረሱን ማየት ቀጠልኩ፤ ሌላ የማየው ቦታ ስላልነበረኝ። ሴትየዋ ክፉ እንደላክንባቸው አምነው፣ ያንኑ ክፉ ነገር ከሚፈሩለት ልጅ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር፣ በጨው አጥረው፣ እኛን እንዳያገኘን ጠብቀውት ነበር። እንዲህ ዓይነቱን አኃዝ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም።

የበሯን ሽቦ የፈታችው ምራቲቱ ናት፤ በፒንሳ፣ ከእኔ ጋር ሆና። ሀርሜ አጥብቀው ስለነበር ያሰሩት ብዙ ታገልን። ሽቦውን ስትጥል ቀና ብላ «ሌባ ብለሽኝ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። ዋሽቼ አላመልጥም። አዎ አልኳት። «እኔ ደግሞ ጠንቋይ ብዬሽ ነበር» አለች፤ «ዝም ስለምትዪ።» ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን፤ ግን በዚህኛው እየሳቅን።

ፈረሱን ወደ ቤት ያመጣነው በትንሿ በር ነው፣ በትንሹ ወደ ጎን አጋድመን፤ ጥቂት ነጭ ቁራጮች ረገፉ፣ ለቀምናቸው። ቀስ በቀስ ጨረስኩት። የጎባዋን ሴት የጠረጠርኩት ልክ ነበር፤ ከታች፣ ከአጥሩ እግር ሥር፣ አንድ ቁራጭ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ምራቲቱ አሁን ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ሆዷ ገፍቶ ጠረጴዛው ጋ ለመድረስ እየቸገራት። ብዙ አናወራም። ያን ቀዳዳ ባየች ቁጥር የማን ሳህን ሥር ይሆን እያለች ትቀልዳለች።

ሳህኑም ተመለሰ፣ ብስኩት ተሞልቶ። እናቴ ተቀበለችው፣ አመሰገነች፣ ሻሹን ገለጠች። ከዚያ ማንም የማያያት መስሏት ከፍ አድርጋ ሥሩን አየችው። ቀና ስትል ሀርሜ በትንሿ በር አንገታቸውን አስግገው እያዩዋት ነበር።

«ንጹሕ ነው» አሏት። «እኔም አይቼዋለሁ።»